ከሶዶ መድረክ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት፦ የኮሜዲ ተዋናይ ፈተናዎች

በቴአትር ሙያ ተመልካችን ከማስለቀስ ማሳቅ ይከብዳል ይባላል። አሳዛኝ ትርኢት ሲቀርብ የአዳራሹ ዝምታ የተመስጦ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በኮሜዲ ግን ዝምታ ውድቀት ነው። ከዚህም የተነሣ የኮሜዲ ተዋናይ ከመድረክ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ቴሌቪዥን በተሸጋገረ ቁጥር ሙያውን እንደ አዲስ የመማር ያህል ይፈተናል። እንደ ወላይታ ሶዶ ካሉ ከተሞች ለሚነሡ ወጣቶች ደግሞ የቋንቋ ጥያቄ ተጨማሪ ፈተና ይሆናል።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በኮሜዲ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳት ተረትን መሠረት አድርገው የጻፉት የመጀመሪያው ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሹማምንትን የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ ታግዷል። ከዚያ በኋላ የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም ተከፈቱ። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» በተሰኙት ተውኔቶቻቸው የጋብቻ ልማድንና የመደብ ልዩነትን በሳቅ እያዋዙ ተችተዋል። ተመልካቹ የሚስቀው ተዋናዩ ስለ ቀለደ ብቻ ሳይሆን የራሱን ቤት በመድረኩ ላይ ስላየ ጭምር መሆኑን እነዚህ ሥራዎች ያሳያሉ።

በመድረክ ላይ የኮሜዲ ተዋናይ መሪ ተመልካቹ ራሱ ነው። ተዋናዩ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ቶሎ ከተናገረ ቃሉ በሳቅ ይዋጣል፣ ከዘገየም ግለቱ ይቀዘቅዛል። ያው ተውኔት ቅዳሜና እሑድ ሲቀርብ አንድ ዓይነት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በፊልም ቀረጻ ወቅት ግን የሚስቅ ተመልካች የለም። አንዱ ትዕይንት ተደጋግሞ ይቀረጻል፣ የሳቁንም ጊዜ በመጨረሻ የሚወስነው የፊልም ቅንብር ባለሙያው ነው። በአዳራሽ ጀርባ ለተቀመጠ ሰው የሚበቃው የፊትና የእጅ እንቅስቃሴ በካሜራ ፊት ከመጠን ያለፈ ይሆናል። በለንደን የመድረክ ትርኢቶች ያደገው ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ፊልም ሲገባ ይህንን ለውጥ በሚገባ ተረድቶታል። ሌሎች ወደ ድምፅ ፊልም ከተሸጋገሩ በኋላም እርሱ እስከ 1940 ድረስ ሙሉ ንግግር ያለው ፊልም አልሠራም። በአካል እንቅስቃሴ የተፈጠረ ሳቅ ያለ አስተርጓሚ ድንበር ይሻገራል፤ በቃላት ላይ የተመሠረተ ሳቅ ግን ከቋንቋው ጋር የተሳሰረ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኮሜዲያን በተለይ የበዓል ዝግጅቶች ድምቀት ሆነው ቆይተዋል። በሕይወት የሌሉት ኮሜዲያን አለባቸው ተካ «አለቤ ሾው» በተሰኘው ዝግጅታቸው ማኅበራዊ ችግሮችን ለሕዝብ አቅርበዋል። የመድረክ ተዋናይና አዘጋጅ አርቲስት ጥላሁን ጉግሳም በተከታታይ ድራማ «ቤቶች» ለዓመታት በየቤቱ ገብተዋል። ቴሌቪዥን ተዋናዩን የቤተሰብ ያህል ያስተዋውቀዋል፤ በአንጻሩ አዲስ ቀልድ በየሳምንቱ ይጠይቀዋል። ተመልካቹ በገጸ ባሕርይው ስም መጥራት ከጀመረ በኋላም ተዋናዩ በሌላ ሚና ተቀባይነት ለማግኘት ይቸገራል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ወላይታ ሶዶ የቋንቋው ጉዳይ ጥልቅ ታሪክ አለው። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን በማቀላቀል «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት በ1992 ዓ.ም ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው ተነሥተዋል። ወላይታም ብዙ ሳይቆይ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ቢሆኑም ሕዝቡ የራሱን አነጋገር ለይቶ እንደሚያውቅና እንደሚጠብቅ ክስተቱ በግልጽ አሳይቷል። ኮሜዲ የሚኖረውም በዚሁ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ተረቱ፣ አሽሙሩና የቃላት ጨዋታው ሲተረጎም ትርጉሙ ቢተርፍ እንኳ ሳቁ ይጠፋል።

ከወላይታ ተነሥቶ በአማርኛ የሚሠራ የኮሜዲ ተዋናይ ስለዚህ ምርጫ ይገጥመዋል። ቀላሉ መንገድ የአካባቢውን የአማርኛ አነጋገር መሳቂያ ማድረግ ነው፤ በከተማ ኮሜዲዎች ከገጠር የመጣ ሰው በአነጋገሩ ብቻ ሲሳቅበት መታየቱ የተለመደ ነው። ይህ ዓይነቱ ቀልድ ለጊዜው ጭብጨባ ቢያስገኝም ተዋናዩ የወጣበትን ሕዝብ ያሳንሳል፣ እርሱንም ከአንዲት ሚና ጋር ያስራል። ሁለተኛው መንገድ ረዘም ያለ ነው፦ ሳቁን ከአነጋገር ሳይሆን ከሰው ባሕርይ፣ ከስስትና ከግብዝነት፣ ከአማትና ከምራት፣ ከሹምና ከባለጉዳይ ግንኙነት መቅዳት ነው። የእነ መንግሥቱ ለማን ሥራዎች ለትውልድ ያቆያቸው ይኸው ነው።

በወላይትኛ የሚቀርብ ኮሜዲም አማርኛ ለመግባት መለማመጃ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በመስከረም በሚከበረው የጊፋታ የዘመን መለወጫ በዓል ሕዝቡ በጨዋታና በጭፈራ ይሰባሰባል። በ1999 ዓ.ም የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ከተማዋ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫነቷ የተመልካቹን ቁጥርና ዓይነት አስፍተውታል። ተዋናዩ ወደ ካሜራ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሙያውን የሚማረው ቋንቋውን ከሚያውቅ፣ ሲያስደስቱት ከሚስቅ፣ ሲያሰለቹትም ዝም ከሚል ተመልካች ነው። እንዲህ ያለውን ተመልካች ደግሞ ሶዶ ውስጥ ያገኘዋል።