የሚያውቁንና የሚቆጥሩን

ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ ያልተፈጠረ እንደ መሆኑ መጠን፣ ወዳጅ መፈለጉ፣ ወሬ መጠየቁ፣ ስለ ራሱም ለሌላው ማጫወቱ የባሕርዩ እንጂ የነቀፋ አይደለም። ይህ ባሕርይ ለታላቅ ንግድ መሠረት ሊሆን እንደሚችል ግን የቀደሙት አባቶቻችን ያሰቡት አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የተጀመረው ፌስቡክ፣ ከእርሱም በኋላ ተከታትለው የመጡት ትዊተር፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ፣ ዘመድን ከዘመድ እናገናኛለን ብለው በየቤቱ ከገቡ ወዲህ ሌሊትም ቀንም አልወጡም። ይህን አደባባይ ትቶ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ማኅበሩና ወደ ጓዳው መመለስ የሚሻ ሰው መንገዱ የቀና ነው፤ ዳሩ ግን የሚመለስበት ማኅበር ከሌለው መውጣቱ ብቻውን አያጸናውም።

የነገሩን ሥር ለመረዳት ትርፉ ከየት እንደሚመጣ መመርመር ያሻል። ፌስቡክ ከተጠቃሚው ዋጋ አይጠይቅም፤ ገቢው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከማስታወቂያ የሚገኝ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ደግሞ ሰው በገጹ ላይ በቆየ መጠንና ስለ ሰውየውም በታወቀ መጠን ስለ ሆነ፣ ድርጅቱ ሁለት ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ ይኸውም ጊዜያችንንና ገመናችንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው የላይክ ምልክት፣ ጣት እስኪዝል ቢወርዱበት ዳርቻ የማይገኝለት ገጽ፣ በየደቂቃው የሚጮኸው ማስታወሻ ሁሉ ለዚህ ዓላማ የተሰናዱ ናቸው። የኩባንያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2017 በአደባባይ ሲናገር፣ አሠራሩ የሰውን ልቡና ድካም ዐውቆ የሚጠቀምበት መሆኑን፣ መሥራቾቹም ይህን እያወቁ እንዳደረጉት አልሸሸገም።

ገመና እንዴት እንደሚወጣ ያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የተገለጠው የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ ነው። እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ወደዚህ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ተሻግሮ ነበር፤ ከእነዚያም ሰዎች እጅግ የሚበዙት ራሳቸው አንዳች ነገር ያልፈቀዱ፣ ነገር ግን ከወዳጆቻቸው አንዱ የጠባይ መጠይቅ ስለ ሞላ ብቻ መረጃቸው አብሮ የተወሰደባቸው ነበሩ። በሚከተለው ዓመት የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፌስቡክ ላይ የ5 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። በእኛም አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበርና እንዲጠበቅ ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሰው በገዛ እጁ በአደባባይ የበተነውን ሕግ መልሶ ሊለቅምለት ይቸገራል።

የዚህ ነገር ፍጻሜ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይልቅ እናውቃለን። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በናይሮቢ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ እንደሚያስረዳው፣ ከመገደላቸው አስቀድሞ ፎቶግራፋቸውና የሚኖሩበት ሰፈር ከጥላቻ ቃል ጋራ በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር፤ እንዲነሣ ቢያመለክትም በጊዜው የሰማው አልተገኘም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2025 ክሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ፍራንሲስ ሆገን የተባለችው የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ኢትዮጵያን በስም ጠርታ ያስጠነቀቀችው ፕሮፌሰሩ ከመገደላቸው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የአንድ ሰው ቤት የት እንደሆነ እርሱ የማያውቀው ሕዝብ ሁሉ ባወቀ ጊዜ፣ ያ ቤት መጠለያነቱ ይቀራል።

መድኃኒቱ በአዋጅ መዝጋት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተነሣው የሲኖዶስ ችግር ጊዜ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተዘግተው አምስት ወር ያህል ቆይተዋል፤ ሰው ግን በቪፒኤን እየዞረ ይገባ ነበር እንጂ ልቡን አላነሣም። ረሀብ ጾም አይባልም። ጾም በፈቃድ የሚያዝ ነው፤ ደግሞም የሚሄዱበት ስፍራ አለው። በፍልሰታ ሱባኤ የሚገቡ ምእመናን ዓለሙን ትተው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲሰነብቱ ቅዳሴውና ውዳሴ ማርያሙ ይቀበላቸዋል፤ ሙስሊሙም በረመዳን የመጨረሻ ዐሥር ቀናት ኢዕቲካፍ ሲቀመጥ መስጊዱና ጀመዓው ይጠብቁታል። አንዱን የተወ ሰው ሌላውን ካልያዘ፣ ባዶ የቀረው ሰዓት መልሶ ወደ ስልኩ ይወስደዋል።

የሚያዘው ነገር ግን ሩቅ አይደለም። በከተሞቻችን በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያም ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው ዕድር ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ሰው በሞተ ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው መንደሩን እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ያሰማል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ከቀብር መልስም ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የአባላቱን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ የመጣው «አለሁ» ይላል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረው መቀጫውን ይከፍላል። ይህ ስም ጥሪ የመንደር ወግ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ በሟች ፎቶ ሥር «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ በዚያው ቅጽበት ወደሚቀጥለው ጨዋታ ከመሸጋገር ጋራ ያስተያየው። ዕድር ከአባሉ የሚፈልገው አካሉን፣ ጊዜውንና ትከሻውን ነው፤ እስከ ሰልስት ድረስ ከኀዘንተኛው ጋር መቀመጥ በጽሑፍ የሚተካ ነገር አይደለም።

ገመናንም በሚገባ የሚጠብቀው ይኸው በቅርብ የሚያውቀን ሰው ነው። ዕድርተኛ በኀዘን ጊዜ እስከ ጓዳ ድረስ ይዘልቃልና፣ የዱቄቱን ማነስ ያያል፤ ከመጋረጃው ወዲያ የተኛውን በሽተኛ ያያል፤ በወንድማማች መካከል ያለውን ቂም ይሰማል። ነገ ደግሞ የእርሱ ጓዳ በተራው እንደሚታይ ስለሚያውቅ፣ ያየውን ሸፍኖ ይይዛል። ኩባንያው ግን ሁሉን ያያል፤ እርሱ በማንም አይታይም፤ ስለዚህም የሚያፍርበት ፊት የለውም። የሚያውቁን ሰዎች ችግራችንን ይሸከሙልናል፤ የሚቆጥሩን ደግሞ ይሸጡታል።

ጎረቤት አያማም ማለቴ አይደለም። ሐሜት ከጥንት ጀምሮ የሰፈር ደዌ ነው። ነገር ግን የሰፈር ሐሜተኛ ስምና ደጃፍ አለው፤ የተበደለ ሰው ሽማግሌ ልኮ ሊያስጠይቀው፣ ካሣ ሊቀበልና ሊታረቅ ይችላል፤ ስም ለሌለው ተሳዳቢ ሽማግሌ አይላክም። በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እኅትም ስልኩን ጣይው የሚል ምክር ጭካኔ ይሆናል፤ የእናቷን ድምፅ የምትሰማው በእርሱ ነውና። ከዘመድ ጋር መነጋገር ሌላ ነው፤ ራስን ለማያውቁት ሕዝብ ማስጐብኘት ሌላ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን በስደት አገር ሳይቀር ዕድር አቋቁመው አስከሬን ወደ አገር እስከ መላክ መድረሳቸው፣ ርቀት ሰው በአካል ተሰብስቦ እንዳይረዳዳ እንደማይከለክል ምስክር ነው።

ለመውጣት የቈረጠ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በፌስቡክ አካውንትን ለጊዜው ማገድና ፈጽሞ ማጥፋት የተለያዩ ናቸው፤ በታገደው ውስጥ የተከማቸው ሁሉ ባለበት ይቆያል። ይጥፋልኝ ብሎ ላዘዘ ሰው 30 የመመለሻ ቀን ይሰጠዋል፤ መረጃው ሁሉ እስኪደመሰስም የማጥፋቱ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ፎቶግራፎቹን ማውረድ፣ የዘመድ አዝማዱንም ስልክ ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። እነዚያ 30 ቀናት የፈተና ቀናት ናቸው፤ ያን ጊዜ ምሽቱን የሚሞላ ጽዋ ማኅበር፣ የሚጠየቅ በሽተኛ፣ የሚጠራ የቡና ጎረቤት ያላገኘ ሰው ይመለሳል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ መውጫውን ከመፈለግ አስቀድማችሁ መግቢያውን አሰናዱ። ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወራችሁ፣ በሕንፃችሁ ዕድር ከሌለ መሥርቱ፤ ካለም ተመዝገቡ፤ የተወዘፈ ክፍያ ያለባችሁ ክፈሉ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም በአካል ተገኙ። የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ ከአደባባይ አንሡ፤ የቤታችሁን ነገር በቤታችሁ ያዙ። ይህን ያደረገ ሰው አካውንቱን የሚያጠፋበት ቀን ሲደርስ ብቸኛ አይሆንም።