ፈንጂውን ያፈነዳው ማን ነው?

ጌም የሚሠራ ሰው ሲጫወትም አያርፍም። እጁ ይጫወታል፣ ዓይኑ ግን ይህ በር ለምን ተቆለፈ፣ ካሜራው ለምን አልዞረም እያለ ይመረምራል። አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች የቆየ ጌም እንዴት እንደሚታደስ ሲጠይቁኝ የፋይናል ፋንታሲ 7ን የመጀመሪያ ተልእኮ፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ ተጫውተው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።

የጃፓኑ ስኩዌር እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን ያወጣው ጌም ሦስት ሲዲ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ ድምፅ የላቸውም፤ እጃቸው ጣት የሌለው ድብልብል ነገር ነው። የሚሮጡበት ከተማም ቀድሞ የተዘጋጀ፣ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ነው። ጀግናው ክላውድና ጓዱ ባሬት ሚድጋር የተባለች ከተማ ገብተው የሺንራ ኩባንያን የኃይል ማመንጫ ያጋያሉ። ፈንጂው ይጠመዳል፣ 10 ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል፣ ሩጫ፣ ፍንዳታ። ከዚያ ክላውድ መንገድ ላይ አበባ የምትሸጥ ልጅ ያገኛል፤ ታሪኩም ይቀጥላል። በፍንዳታው ስለሞቱት ሰዎች ባሬት በግልጽ የሚጠየቀው ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ነው፤ የጉዞ ጓዱ ኬት ሲዝ ያፋጥጠዋል። ያኔ ተጫዋቹም አብሮ ይሸማቀቃል፤ ቁልፉን የተጫነው እሱ ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አዲሱ ሥራ፣ አሮጌው በጥቂት ሰዓት የሚያልፋትን ሚድጋርን ብቻዋን ሙሉ ጌም አድርጓታል። የውጊያው ለውጥ ላይ ክርክር የለኝም። ሰይፉ በቀጥታ ይመታል፤ ትእዛዝ ለመምረጥ ሲፈለግ ጊዜው ይዘገያል፤ የድሮው ስሌትና የዛሬው ፍጥነት ተስማምተዋል። (ክላውድ በጠባብ ስንጥቅ በጎኑ እየተሳበ ሲያልፍ ብዙዎች ይሰላቻሉ። እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ቀጣዩን ሥፍራ ለመጫን ጊዜ የሚገዛ የሙያ ዘዴ ነው።)

በአዲሱ ጌም ፈንጂው ሲጠመድ የቡድኑ አባል ጄሲ 20 ደቂቃ ይሁን 30 ብላ ታስመርጣለች። ከፍንዳታው በኋላ በሚነድ ሠፈር ውስጥ በእግር እንሄዳለን፤ ሕንፃው ፈርሷል፣ ሰው ይጮኻል። በ1997 ይህን እንዲህ ማሳየት ቀላል አልነበረም። ግን ከዚያ በፊት አንዲት አጭር ትዕይንት ገብታለች፤ የሺንራ ሹማምንት ራሳቸው የማመንጫውን እምብርት በማሽን ያስመቱታል። ክላውድና ባሬት ይህን አያውቁም፤ ተጫዋቹ ግን ያውቃል። ስለዚህ ያን ሁሉ እሳት ሲያይ ያዝናል እንጂ አይጠየቅም። ደራሲዎቹ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ይገባኛል፤ ለብዙ ሰዓት አብረነው የምንዘልቀውን ጀግና ማንም ነፍሰ ገዳይ ማድረግ አይፈልግም። እኔ ግን አልወደድኩትም። ጌም ከፊልም የሚበልጥበት አንዱ ነገር ተጫዋቹን የድርጊቱ ባለቤት ማድረጉ ነው፤ ያችን ትዕይንት ቆርጠው ቢያወጧት ከአዲሱ ጌም የሚጎድል ነገር አይታየኝም።

አሮጌው ዛሬም በኮምፒውተርና በስልክ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ተልእኮ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሁለቱንም ለመጫወት ያሰባችሁ ካላችሁ በአሮጌው ጀምሩ።