የራስ ቅልን አልፎ የሚገባ ብርሃን ፓርኪንሰንን ያክማል?

ዛሬ ማታ ሁለት ቀላል ሙከራ ሥሩ። ቡሬ ከተማም ሁኑ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ያለ ገጠር፣ ባትሪ፣ ስልክና የቴሌቪዥን ሪሞት ካገኛችሁ ይበቃል።

አንደኛ፣ በጨለማ ባትሪ አብሩና ጣቶቻችሁን መብራቱ ላይ ግጥም አድርጉ። ብርሃኑ ነጭ ነው፤ ጣቶቻችሁ ግን ቀይ ሆነው ይበራሉ። ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ስለሆነ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደማችን ይውጠዋል፣ ቀዩ ግን ሾልኮ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙሩና ቁልፍ ተጫኑ። በዓይናችሁ የማታዩት ብልጭታ ስክሪኑ ላይ ሊታያችሁ ይችላል። ይህ ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ የምንለው ብርሃን ነው።

ከዚህ ውስጥ ለቀይ የሚቀርበው ክፍል፣ በግምት ከ700 እስከ 1100 ናኖሜትር ያለው፣ ሥጋን አልፎ በመግባት የተሻለ ነው። ሐኪም ቤት ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ የምትሠራው በዚሁ ነው፤ 660 ናኖሜትር ቀይ እና 940 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ልካ የቱ ምን ያህል እንዳለፈ ታወዳድራለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ፍራንስ ዮብሲስ የተባለ ተመራማሪ ይህ ብርሃን የራስ ቅልን አልፎ የአንጎልን ኦክስጅን ለመከታተል እንደሚያገለግል አሳየ።

ታዲያ ብርሃኑ አንጎል ከደረሰ፣ ማከምስ አይችልም?

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በሴሎቻችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ የኃይል ማመንጫዎች አሉ። በውስጣቸው ያለው ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ፕሮቲን ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃንን ይውጣል። ዋነኛው መላምት እንደሚለው፣ ይህ ሲሆን የደከመው ሴል ብዙ ኃይል ማምረት ይጀምራል። በፓርኪንሰን ሕመም ደግሞ ዶፓሚን የሚያመርቱት የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ የማይቶኮንድሪያ መድከም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እነዚህን ሴሎች የሚገድል መርዝ በተሰጣቸው አይጦች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች፣ ብርሃን ያገኙት አይጦች ብዙ ሴል ተርፎላቸዋል።

እዚህ ላይ ግን እንደ ኢንጂነር ሜትሬን ማውጣት አለብኝ። የአይጥ አንጎል ትንሽ ነው፤ የታመመው ቦታ ከላይኛው ቆዳ ሚሊሜትሮች ብቻ ይርቃል። በሰው ግን ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ሥጋና አጥንት ለብርሃን እንደ ክረምት ጉም ናቸው፤ ጉም ውስጥ የመኪና መብራት ሩቅ እንደማይሄድ ሁሉ፣ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል። እንበልና በየሴንቲሜትሩ አንድ አሥረኛው ብቻ ያልፋል። 8 ሴንቲሜትር ላይ የሚደርሰው ከ100 ሚሊዮን አንድ እጅ ነው! «ታዲያ መብራቱን እናጠንክረዋ» ትሉ ይሆናል። ያኔ ቀድሞ የሚቃጠለው ቆዳው ነው።

ለዚህ ነው በግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ የመረጡት፦ ቀጭን የብርሃን ክር በቀዶ ሕክምና ከታመመው ቦታ አጠገብ ማድረስ። በዝንጀሮዎች ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት ካገኙ በኋላ ወደ ሰው ሙከራ ተሸጋግረዋል።

ተስፋ ሰጪ ማለት ግን ተረጋገጠ ማለት አይደለም። በስትሮክ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 በ120 ሕመምተኞች ላይ የታተመ ጥናት 808 ናኖሜትር ሌዘር ጭንቅላት ላይ ማብራት እንደሚጠቅም አመለከተ። 660 ሰዎች በተሳተፉበት ሁለተኛው ጥናት ጥቅሙ በግልጽ አልተረጋገጠም። 1000 ሰዎችን ሊያካትት የታቀደው ሦስተኛው ደግሞ መሀል ላይ ሲገመገም ጥቅም ስላልታየ ቆመ።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ገጠር ውስጥ አያቶቻችን እጃቸው ሲንቀጠቀጥና እርምጃቸው ሲያጥር ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። የነርቭ ስፔሻሊስት ደግሞ ሩቅ ነው። እንዲህ ባለ ክፍተት ውስጥ ስልክ ላይ «ፓርኪንሰንን የሚፈውስ የብርሃን ቆብ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ልብ ይማርካል። በሬ ሸጦ የሚገዛ ቤተሰብ ቢኖር አይገርምም።

ስለዚህ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ብርሃኑ ስንት ናኖሜትር ነው? የታመመው ቦታ ድረስ ምን ያህሉ ይደርሳል? በስንት ሰዎች ላይ፣ ከማስመሰያ መብራት ጋር ተወዳድሮ ተፈተነ? መልስ ከሌለው ገንዘቡን ለሐኪም ቤት ትራንስፖርትና ለመድኃኒት አውሉት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሌቮዶፓ በሽታውን ባይፈውስም ብዙዎችን መልሶ ያራምዳል፤ ያለ ሐኪም ምክር ድንገት ማቋረጡ አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ራሳቸው የሕመሙ ተጠቂ የሆኑት ወ/ሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ።

የብርሃኑ ምርምር ይቀጥል፤ ከእናንተ መካከልም የሚቀላቀለው ይኖራል። እስከዚያው ግን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አያት ካላችሁ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይዛችኋቸው ሐኪም ቤት ጎራ በሉ።