ኩልፊ

ኩልፊ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በባንግላዴሽና በኔፓል በሰፊው የሚታወቅ፣ ለረጅም ሰዓት ተፈልቶ ከወፈረ ወተት የሚሠራ የቀዘቀዘ ጣፋጭ ምግብ ነው። ብዙ ጊዜ «የሕንድ አይስክሬም» ይባላል፤ ነገር ግን አሠራሩም ሆነ ባሕርዩ ከአይስክሬም ይለያል። በተለይ የሚፈለገው በበጋ ነው። በዴሊና በላሆር ዙሪያ በግንቦት ወር የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ «ሉ» የሚባለው ደረቅና የሚያቃጥል ነፋስም ይነፍሳል። ወደ እነዚህ ከተሞች የሚሄድ መንገደኛ ኩልፊን በየመንገዱ ዳርና በየገበያው ያገኘዋል።

ስያሜ

ቃሉ ወደ ሂንዲና ኡርዱ የገባው ከፋርስኛ ሲሆን ትርጉሙ «ክዳን ያለው ጽዋ» ማለት ነው። ይህም ወተቱ ተጨምሮበት የሚቀዘቅዝበትን ዕቃ ያመለክታል። ከቃሉ በስተጀርባ ያለው «ቁፍል» የተባለው የዐረብኛ ቃል «መቆለፊያ» ማለት ስለሆነ፣ ከአማርኛው «ቁልፍ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባል።

ታሪክ

ወተትን በእሳት አወፍሮ ጣፋጭ መሥራት በሕንድ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ይህን ወፍራም ወተት በበረዶ ማቀዝቀዝ የተጀመረው በሙጋል ነገሥታት ዘመን እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ከ1556 እስከ 1605 እ.ኤ.አ. የነገሠው የአጼ አክበር ቤተ መንግሥት ጸሐፊ አቡል ፈዝል፣ «አይን-ኢ-አክበሪ» በተባለው መጽሐፉ ሁለት የማቀዝቀዣ ዘዴዎችን መዝግቧል። አንደኛው ባሩድ ለመሥራት የሚያገለግለውን ፖታሲየም ናይትሬት ውኃ ውስጥ ማሟሟት ነው፤ ይህ ጨው ሲሟሟ ከአካባቢው ሙቀት ስለሚወስድ ውኃው ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ከሰሜን ተራሮች በረዶ ማስመጣት ነው። በረዶ ከሩቅ አገር በሰውና በጀልባ የሚጓጓዝ ውድ ዕቃ ስለነበር የቀዘቀዘ ምግብ በዚያ ዘመን የመኳንንት ድርሻ ነበር። ኩልፊ የመንገድ ላይ ምግብ ለመሆን የበቃው በረዶ በፋብሪካ ተሠርቶ በርካሽ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ነው።

አዘገጃጀት

ቅባቱ ያልወጣለት የላም ወይም የጎሽ ወተት በሰፊ ድስት ተጥዶ በቀስታ ይፈላል። እንዳያርና ከድስቱ ጋር እንዳይጣበቅ ያለማቋረጥ ይማሰላል። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ወተቱ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይቀንሳል፤ ቀለሙም ወደ ክሬም ይለወጣል። የወተቱ ስኳርና ፕሮቲን በሙቀቱ ሲዋሐዱ ለኩልፊ ልዩ የሆነውን የበሰለ ወተት ጣዕም ይሰጡታል። ከዚያ ስኳር፣ ሄል፣ ሳፍሮን፣ የተከተፈ ፒስታቺዮ ወይም አልሞንድ ይጨመርበታል።

ድብልቁ ከበረደ በኋላ ሾጣጣ በሆኑ ባለ ክዳን ቆርቆሮዎች ይሞላል። በባሕላዊው አሠራር ክዳኑ በሊጥ ይመረጋል፤ ቆርቆሮዎቹም «ማትካ» በተባለ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በተፈጨ በረዶና በጨው ይቀበራሉ።

ጨው ለምን ይጨመራል?

ንጹሕ በረዶ የሚቀልጠው በ0 ዲግሪ ነው። ስኳር ያለበት ወተት ግን የሚረጋው ከ0 ዲግሪ በታች ስለሆነ በረዶ ብቻውን ሊያረጋው አይችልም። ጨው በበረዶው ላይ ባለው ቀጭን ውኃ ውስጥ ሲሟሟ የውኃውን የመርጊያ ነጥብ ዝቅ ያደርጋል። በረዶውም መቅለጡን ይቀጥላል፤ ለመቅለጥ የሚያስፈልገውን ሙቀት ደግሞ በዙሪያው ካሉት ቆርቆሮዎች ይወስዳል። በዚህ መንገድ የበረዶና የጨው ድብልቅ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የሸክላው ማሰሮ የውጩ ሙቀት በፍጥነት እንዳይገባ ስለሚከላከል፣ ሻጩ ያለ ኤሌክትሪክ ለሰዓታት ይሠራበታል።

ከአይስክሬም የሚለይበት

አይስክሬም እየቀዘቀዘ ሳለ ስለሚመታ ብዙ አየር ይይዛል። ኩልፊ ግን ሳይነካ ነው የሚረጋው። ስለዚህ ጠጣር ነው፤ በአፍ ውስጥም በዝግታ ይቀልጣል። ሳይመታ የረጋ ተራ ወተት ሻካራ በረዶ ይሆን ነበር፤ በኩልፊ ውስጥ ግን አብዛኛው ውኃ አስቀድሞ ስለተነነ፣ የቀረው ቅባት፣ ፕሮቲንና ስኳር የበረዶው ቅንጣቶች እንዳያድጉ ያግዳሉ።

አቀራረብና ዓይነቶች

ሻጩ ቆርቆሮውን በመዳፎቹ መካከል አሽከርክሮ ካሞቀው በኋላ ኩልፊውን ያወጣል፤ በእንጨት ሰክቶ ወይም በቢላ ቆራርጦ በቅጠል ላይ ያቀርባል። «ፋሉዳ» ከተባሉት ከስታርች የሚሠሩ ቀጫጭን ክሮች፣ ከጽጌረዳ ሽሮፕና ውኃ ጠጥተው ካበጡ የበሶብላ ዘመድ ዘሮች ጋርም ይቀርባል። በአሮጌው ዴሊ ፍሬው የወጣለት ማንጎ በኩልፊ ተሞልቶ ከረጋ በኋላ እንደ ዳቦ እየተቆረጠ ይሸጣል። ብዙ ደቡብ እስያውያን በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤው ከተሞችም ኩልፊ የተለመደ ነው። ወተት ስለሆነ የፍስክ ምግብ ነው።

ለመንገደኞች

ኩልፊ አፍን ቢያቀዘቅዝም ጥምን አይቆርጥም። 100 ግራም ኩልፊ ቀልጦ እስኪሞቅ ከሰውነት የሚወስደው ሙቀት ከ10 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም፤ ቅባቱና ስኳሩ የሚሰጡት ጉልበት ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ በሙቀት የተጓዘ ሰው ከኩልፊው ጋር ንጹሕ ውኃ መጠጣት ይኖርበታል።

ሌላው ጥንቃቄ ንጽሕናን ይመለከታል። መፍላት በወተቱ ውስጥ ያሉ ጀርሞችን ይገድላል፤ ማቀዝቀዝ ግን አብዛኞቹን እንቅልፍ ውስጥ ያስገባል እንጂ አይገድላቸውም። ኩልፊው ከፈላ በኋላ በቆሸሸ እጅ፣ ቢላ ወይም ውኃ ከተነካ፣ ወይም ቀልጦ እንደገና ከረጋ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ገበያተኛ ከሚበዛበት ሻጭ፣ ከቆርቆሮው ወዲያው የወጣና ቅርጹ ያልተዛባ ኩልፊ መግዛት አደጋውን ይቀንሳል። በማትካው ውስጥ ያለው በረዶ ብዙውን ጊዜ ከማይጠጣ ውኃ የሚሠራ ስለሆነ ከኩልፊው ጋር መነካካት የለበትም። ወተት የማይስማማቸው፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ወይም ፒስታቺዮና አልሞንድ የማይስማማቸው ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት የገባበትን ነገር መጠየቅ ይገባቸዋል።