አየር የተሸከመው ጎዳና

በአሜሪካ ሰሜናዊ ምዕራብ ጫፍ፣ ሲያትልን በምሥራቅ በኩል ከምትገኘው ከቤልቪው ከተማ የሚለየው የዋሽንግተን ሐይቅ፣ በጸጥታ ቀን ለሚመለከተው የዋህ ቢመስልም፣ ጥልቀቱ እስከ 65 ሜትር ስለሚደርስና ወለሉም ከጥንት ጀምሮ በተጠራቀመ ለስላሳ ጭቃ የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ ድልድይ ሠሪ ዓምድ ላቁም ቢል መሠረት የሚጥልበትን ጽኑ ምድር በቅርብ አያገኝም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኮንክሪት መርከብ አሠራር የተማረው መሐንዲስ ሆሜር ሃድሊ፣ እንግዲያውስ ጎዳናው ራሱ በውኃው ላይ ይንሳፈፍ የሚል አሳብ ባቀረበ ጊዜ ብዙዎች እንደ ቅዠት ቆጠሩበት፤ ሆኖም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ዓ.ም.፣ የሐይቁ የመጀመሪያው ተንሳፋፊ ድልድይ ተመርቆ መኪና አለፈበት።

ኮንክሪት እንደ ድንጋይ የሚከብድ ሲሆን ስለ ምን አይሰጥምም? ጥንታዊው ሊቅ አርኪሜዴስ እንዳስተማረው፣ በውኃ ላይ ያረፈ ዕቃ የራሱን ክብደት ያህል ውኃ ገፍቶ ሲያበቃ በዚያው ልክ ይቆማል፤ ስለዚህ ውስጡ ባዶ የሆነ ታላቅ የኮንክሪት ሣጥን፣ አየሩን እስከ ጠበቀ ድረስ፣ በላዩ ጎዳናውንና ተሽከርካሪውን ተሸክሞ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ሐይቅ ላይ የተከፈተውና 2,350 ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ ከዓለም ተንሳፋፊ ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ፣ በ77 እንዲህ ባሉ ሣጥኖች ላይ ያረፈ ነው፤ ከእነርሱም 21ዱ እያንዳንዳቸው 110 ሜትር ያህል ርዝመትና ወደ 10,000 ቶን የሚጠጋ ክብደት አላቸው። ነፋስ ወዲያና ወዲህ እንዳይወስዳቸው 58 መልሕቆች በወፍራም የብረት ገመድ ይዘዋቸዋል፤ ውስጣቸውም፣ ኖኅ መርከቢቱን እንዲሠራት እንደ ታዘዘው፣ ክፍል ክፍል ሆኖ ተለይቷል፤ አንዱ ክፍል ውኃ ቢያስገባ ሌላው እንዲተርፍ።

ይህ ጥንቃቄ የቱን ያህል ዋጋ እንዳለው ያየነው በ1940 በተመረቀው በመጀመሪያው ድልድይ ነው። ለእድሳት ከተሽከርካሪ ተዘግቶ ሳለ፣ ሠራተኞች ኮንክሪቱን በኃይለኛ የውኃ ግፊት ይፈቀፍቁ ነበር፤ የቆሸሸው ውኃ ወደ ሐይቁ እንዳይፈስ በሣጥኖቹ ውስጥ ተጠራቀመ፣ ለሥራውም ሲባል ቀዳዳዎች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ እሑድ ዕለት፣ ዝናብና ማዕበል በተከፈተው ገብቶ ሣጥኖቹን ስለ ሞላ፣ ሕዝቡ በቴሌቪዥን እየተመለከተ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተንሳፈፈው ጎዳና እየተሰበረ ወደ ቀላዩ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ድልድዩም እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ዳግመኛ ተሠርቶ ተከፈተ።

ዛሬ በረጅሙ ድልድይ ላይ ስድስት መስመሮች አሉ፤ በየአቅጣጫው አንዱ ለአውቶቡስና ብዙ ሰው ለጫነ መኪና የተለየ ነው፤ ይህንንም እጅግ የተገባ ፍርድ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ክፍያ የሚሰበሰብበት ኬላ የለም፤ መኪናው ሳይቆም መሣሪያ ሰሌዳውን ይመዘግባል፣ ዋጋውም እንደ ሰዓቱ መጨናነቅ ከፍና ዝቅ ይላል። በሲያትል የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም ለእንጀራቸው ይመላለሱበታል።

በክረምት ከደቡብ ነፋስ በተነሣ ጊዜ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ለቆመ ሰው፣ በስተደቡብ ማዕበሉ አረፋ እየደፈቀ ከኮንክሪቱ ጋር ሲላተም፣ በስተሰሜን ግን፣ ከጎዳናው ወርድ ማዶ፣ ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ይታየዋል።