በብዙ የጊዜ ማዕቀፎች ገበያን ስለሚያነብ ኮድ፦ ተረትና እውነታ

በውጭ ምንዛሪና በአክሲዮን ገበያዎች የሰው እጅ ሳይነካው የሚገዛና የሚሸጥ የኮምፒዩተር ኮድ ውሳኔውን ብዙ ጊዜ የሚመሠርተው በቴክኒካል ኢንዲኬተሮች፣ ማለትም ካለፉ ዋጋዎች በሂሳብ ቀመር በሚሰሉ አመልካቾች ላይ ነው። የዋጋው እንቅስቃሴ ነጋዴዎች ታይምፍሬም በሚሏቸው የጊዜ ማዕቀፎች ይከፋፈላል፤ የ15 ደቂቃ፣ የአንድ ሰዓት ወይም የአንድ ቀን ግብይትም የመክፈቻ፣ የከፍተኛ፣ የዝቅተኛና የመዝጊያ ዋጋዎችን በሚይዝ አንድ ካንድል ይጠቃለላል። አቅጣጫውን ከረጅሙ ማዕቀፍ ተረድቶ የመግቢያውን ጊዜ ከአጭሩ መምረጥ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ ዘዴው ወደ ኮድ ሲለወጥ ብዙ የተሳሳቱ እምነቶች ይከተሉታል። የአብዛኞቹም ሥር ኮዱ በሚወስንበት ቅጽበት የትኛው መረጃ በእርግጥ እጁ ላይ እንደነበረ አለመለየት ነው።

ተረት 1፦ ኢንዲኬተሩን መጥራት ንባቡን ማግኘት ነው።

እውነታ፦ ይህ ሜታትሬደር 4 በተባለው የግብይት ሶፍትዌር ትክክል ነበር፤ በሜታትሬደር 5 ግን ኢንዲኬተሩን የሚጠራው ፈንክሽን የሚመልሰው ሃንድል የተባለ መለያ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ንባቡ የሚገኘው ያንን መለያ ይዞ ኮፒበፈር በተባለው ሌላ ፈንክሽን በመቅዳት ነው። ዌልስ ዋይልደር በ1978 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስተዋወቀውና ከ0 እስከ 100 የሚነበበው አርኤስአይ የተባለው ኢንዲኬተር በተለምዶ ከ30 በታች ሲወርድ ገበያው ከልክ በላይ ተሸጧል ይባላል። መለያ ቁጥሩን እንደ ንባብ የወሰደ ኮድ ቁጥሩ ከ30 ያነሰ ከሆነ ገበያው ወጣም ወረደ ዘወትር ግዛ የሚል ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማዕቀፍ የራሱ መለያ ኮዱ ሥራ ሲጀምር አንድ ጊዜ መፈጠር አለበት፤ የረጅሙ ማዕቀፍ ታሪክ ገና ያልተጫነ ሊሆን ስለሚችልም ቅጂው መሳካቱ በየጊዜው መረጋገጥ ይኖርበታል።

ተረት 2፦ የረጅሙ ማዕቀፍ የአሁን ንባብ የጸና ነው።

እውነታ፦ ከአሁን ወደ ኋላ በሚደረገው ቆጠራ 0 ቁጥር የሚይዘው ካንድል ገና አልተዘጋም፤ ለጊዜው መዝጊያ ተብሎ የሚነበበውም የመጨረሻው ዋጋ ብቻ ነው። የአንድ ሰዓቱ አርኤስአይ በካንድሉ አጋማሽ 72 ሆኖ ታይቶ ሰዓቱ ሲሞላ 64 ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ኮዱ ትእዛዝ የሰጠበት ንባብ ከታሪኩ ይጠፋል። ቁጥር 1 የሚይዘውን፣ የተዘጋውን ካንድል ማንበብ ምልክቱን ያዘገያል፤ ሆኖም የማይለወጥ ንባብ የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ተረት 3፦ ሁለት ማዕቀፎችን ለማጣመር ሰዓታቸውን ማመሳሰል ይበቃል።

እውነታ፦ እጅግ አሳሳቹ ስሕተት ይህ ነው። በሜታትሬደር ካንድል የሚሰየመው በተከፈተበት ሰዓት ነው፤ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይብረሪ የሆነው ፓንዳስም የደቂቃ ዋጋዎችን ወደ ሰዓት ሲያጠቃልል እንዲሁ በመነሻው ይሰይማል። ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠረው የገበያ ሰዓት 10፡00 የተባለው የአንድ ሰዓት ካንድል የሚዘጋው 11፡00 ላይ ሲሆን፣ 10፡00 የተባለው የ15 ደቂቃ ካንድል ግን 10፡15 ላይ ይዘጋል። ሁለቱን በስማቸው ያጣመረ ኮድ 10፡15 ላይ ሲወስን ከ45 ደቂቃ በኋላ የሚደረስበትን ዋጋ እያየ ነው፤ ረጅሙ ማዕቀፍ የቀን ከሆነ ደግሞ ወደፊቱን የሚያይበት ርቀት ወደ ሙሉ ቀን ይጠጋል። እንዲህ ያለ ኮድ ባለፈ መረጃ ሲፈተን አስደናቂ ትርፍ ያሳያል፤ በእውነተኛ ገበያ ግን ነገን የሚነግረው ስለሌለ ትርፉን መድገም አይችልም። 10፡45 ላይ ለሚወስን ኮድ የመጨረሻው የታመነ የሰዓት ካንድል 9፡00 የተባለው ነው።

ተረት 4፦ የቀን ካንድል የትም ቦታ አንድ ነው።

እውነታ፦ የውጭ ምንዛሪ ገበያ አንድ ማዕከል ስለሌለው ቀኑ የት እንደሚጀምር የሚወስነው የእያንዳንዱ ብሮከር ሰርቨር ሰዓት ነው። ቀኑን በኒው ዮርክ ከሰዓት በኋላ መዝጊያ የሚከፍሉ ብሮከሮች በሳምንት አምስት የቀን ካንድሎች ሲያሳዩ፣ ሌሎች የእሑድን ጥቂት ሰዓታት ለብቻው እንደ አንድ ቀን ይቆጥራሉ። በዚህም ምክንያት የ14 ቀን አርኤስአይ ለአንድ ዓይነት ምንዛሪ በሁለት ብሮከሮች ዘንድ የተለያየ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ተረት 5፦ ብዙ ማዕቀፎች ከተስማሙ ብዙ ምስክሮች ተገኝተዋል።

እውነታ፦ ሜታትሬደር 5 ሁሉንም ማዕቀፎች የሚገነባው ከባለ አንድ ደቂቃ ካንድሎች ታሪክ ነው፤ ምንጫቸው አንድ የዋጋ ጅረት ስለሆነ ስምምነታቸው በአብዛኛው ድግግሞሽ ነው። በ15 ደቂቃ ማዕቀፍ የ200 ካንድሎች ተራ አማካይና በአንድ ሰዓት ማዕቀፍ የ50 ካንድሎች ተራ አማካይ ሁለቱም የ50 ሰዓታት ዋጋ የሚሸፍኑ በመሆናቸው መስመሮቻቸው ተቀራርበው ይሄዳሉ። ኮዱ ይህን ስምምነት እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ቆጥሮ የሚገዛውን መጠን ቢያሳድግ የሚያድገው አደጋው እንጂ እርግጠኝነቱ አይደለም።

በብዙ ማዕቀፎች ማንበብ እንግዲህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ ንባቡ የተገኘበትን ጊዜ መዘንጋት ነው። ኮድ ጸሐፊው እውነተኛ ገንዘብ ከማዋሉ በፊት እያንዳንዱን ንባብ ከመጣበት ካንድል የመዝጊያ ሰዓት ጋር ይመዝግብ፤ የመዝጊያው ሰዓት ከውሳኔው ሰዓት በኋላ የሚውልበት ንባብ ቢገኝ፣ የፈተናው ትርፍ ምንም ያህል ቢያምር፣ ውጤቱ ተጥሎ ኮዱ እንደገና ይፈተን።