ከመደመር በፊት ፀሐይ በየት በኩል ናት?

የቀትር ፀሐይን ለክቶ ኬክሮስን ማግኘት ከባሕር ላይ ስሌቶች ሁሉ አጭሩ ነው። በመልመጃ ደብተር ላይ መርከብን የብስ የሚያወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ስሌት ነው።

አንድ መልመጃ ለምሳሌ ይበቃል። ሰኔ 14 ቀን አንድ መርከብ ወደ ምፅዋ እየተጓዘ ነው። በጉዞ ግምት ያለበት ቦታ 15°20′ ሰሜን፣ 41° ምሥራቅ ነው። ለኪው የቆመበት የዓይን ከፍታ 9 ሜትር ሲሆን፣ ሴክስታንቱ ቀትር ላይ ለፀሐይ የታችኛው ጠርዝ 81°49.5′ ያነባል። ለዓይን ከፍታ 5.3′ ይቀነሳል፤ ለጠርዙና ለብርሃን ስብራት በድምሩ 15.8′ ይጨመራል፤ እውነተኛው ከፍታ 82° ይሆናል። እንግዲህ ፀሐይ ከአናት የራቀችው 8° ነው። የዕለቱ ዲክሊኔሽን፣ ማለትም ፀሐይ ከሰማይ ወገብ የራቀችበት ማዕዘን፣ ደግሞ 23°26′ ሰሜን ነው።

እስከዚህ የሚሳሳት ጥቂት ነው። አንድ ሰልጣኝ ግን ሁለቱን ደምሮ 31°26′ ሰሜን ብሎ ጻፈና መልሱን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። መደመሩ እንከን የለውም። ነገር ግን ቀይ ባሕር ራሱ ሱዌዝ ላይ 30° ሳይሞላ ያልቃል፤ ከተሰጠው ኬንትሮስ ጋር ካርታ ላይ ሲነጠብ መርከቡ በሳውዲ ዐረቢያና በኢራቅ ወሰን አካባቢ፣ በረሃ ላይ ያርፋል። ስሕተቱ 16° ነው፤ ይህም 960 ኖቲካል ማይል፣ በሰዓት 12 ማይል ለሚሄድ መርከብ የ80 ሰዓት መንገድ ነው።

ያ ሰልጣኝ በሰኔ ቀትር አገሩ ላይ ቆሞ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ ሲጠየቅ «ወደ ደቡብ» ሲል ሳያመነታ መለሰ። የሚያስፈልገውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን አላመጣውም።

ምክንያቱ የተሸመደደው ደንብ ነው፦ ኬክሮሱና ዲክሊኔሽኑ ስማቸው (ሰሜን ወይም ደቡብ) አንድ ከሆነ ደምር፣ ከተለያየ ቀንስ። ከ23°26′ በላይ ወደ ሰሜን ለሚኖር ሰው ደንቡ ዕድሜ ልኩን አያሳፍረውም፤ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡቡ ናትና። በዚያ ኬክሮስና በምድር ወገብ መካከል ላለ ግን ሦስተኛ ሁኔታ አለ፦ ስማቸው አንድ ሆኖ ዲክሊኔሽኑ ከኬክሮሱ ሲበልጥ። ያኔ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ የአናት ርቀቱም ከዲክሊኔሽኑ ይቀነሳል። በምፅዋ ኬክሮስ ይህ ከሚያዝያ ማብቂያ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ይዘልቃል። የዓመቱን ሩብ ወይም ሲሶ የሚይዝ ነገር «ልዩ ሁኔታ» ተብሎ በግርጌ ሊቀመጥ አይገባውም፤ ሆኖም በየዓመቱ እንደዚያው ይቀመጣል፣ በየዓመቱም ያው ስሕተት ይመለሳል።

የጥንቶቹ መምሪያዎች ይህን አይዘሉትም ነበር። በ1509 እ.ኤ.አ. ገደማ ሊዝበን ላይ የታተመው የፖርቱጋሎች የአስትሮላብና የኳድራንት መምሪያ መርከበኛውን ቁጥር ከማስደመሩ በፊት ጥላው ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ ያስለየው ነበር። የምድር ወገብን ተሻግረው ለሚሄዱ ሰዎች የተጻፈ ስለሆነ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሽምደዳን የሚተካው ሥዕል ነው። አንድ አግድም መስመር አድማስ ይሆናል፤ ግራው ደቡብ፣ ቀኙ ሰሜን። ከመካከሉ ሽቅብ የሚወጣው መስመር አናትን ያሳያል። ፀሐይ የታየችው በሰሜን ነውና ከአናት 8° ወደ ቀኝ ትቀመጣለች። ዲክሊኔሽኑ ሰሜን በመሆኑ የሰማይ ወገብ ከፀሐይ በስተደቡብ ነው፤ ስለዚህ ከእርሷ 23°26′ ወደ ግራ ተቆጥሮ ምልክት ይደረግበታል። ከአናት እስከዚያ ምልክት ያለው ርቀት 15°26′ ነው፤ ኬክሮሱም ይኸው ነው። መደመር ይሁን መቀነስ የሚወስነው ሥዕሉ እንጂ የማስታወስ ችሎታ አይደለም።

ስለዚህ በመልመጃው ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ላይ በኮምፓስ የተነበበው የፀሐይ አቅጣጫ ይጻፋል፤ ሥዕሉ ይከተላል፤ ቁጥሮቹ ከዚያ በኋላ ይገባሉ። በመጨረሻ ውጤቱ ከጉዞ ግምቱ ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ልዩነቱ 6 ማይል ነው፤ የባሕር ጅረት በአንድ ቀን ሊያመጣው ይችላል። ልዩነቱ በመቶዎች ከተቆጠረ ግን ድምሩን ደግሞ ከመሥራት በፊት ሥዕሉ እንደገና ይታያል።